ዛፉ የት ገባ? ስለ ሞንድሪያን የከሰል ንድፎች

የቅዳሜ አስተማሪ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ ተጠየቅኩና መልስ አጥቼለት ይዤው ቤት ገባሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ውስጥ ለዘጠኝ ልጆች ንድፍ አስተምራለሁ። ዛሬ አራት ሥዕሎች አሳትሜ ግድግዳው ላይ በተርታ ለጠፍኩላቸው። አራቱም የአንድ ሰው ናቸው፤ የሆላንዱ የፒየት ሞንድሪያን። አንደኛው ቀይ ዛፍ ነው፣ ከ1908 እስከ 1910 የሠራው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ)። ሁለተኛው ግራጫ ዛፍ፣ 1911። ሦስተኛው ያበበ የፖም ዛፍ፣ 1912። አራተኛው ዛፍ አይደለም። በከሰልና በውሃ ቀለም ወረቀት ላይ የተሠራ ነው። ሞላላ ቅርጽ ውስጥ አጫጭር መስመሮች ተበትነዋል፤ ግማሹ አግድም፣ ግማሹ ቁም። ባሕር ነው። 1915።

ቀዩ ዛፍ ጋ ሁሉም ተንጫጩ። ወደዱት። ግራጫው ጋ ትንሽ ቀዝቀዝ አሉ። የፖሙ ዛፍ ጋ አንዷ "ዓሣ ነው?" አለች። ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ጸጥ። ከዚያ የክፍሉ ትንሹ፣ የአሥር ዓመቱ ልጅ፣ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ሰውዬው እየቆየ ሲሄድ መሣል ረሳ እንዴ?" አለኝ።

ሳቅን። "አይ፣ ይችል ነበር" ብዬ አለፍኩት። ይሄ ደግሞ መልስ አይደለም። መቻሉንማ እናውቃለን። አምስተርዳም አካዳሚ የተማረ፣ የሥዕል መምህርነት የምስክር ወረቀት የነበረው ሰው ነው። ላይደን ዩኒቨርሲቲ ለባክቴሪያ ጥናት ሥዕል ይሠራ ነበር። ለሳይንስ የሚሥል ሰው እጁ አይታማም። አብስትራክት (ዕቃን አስመስሎ የማይሥል ጥበብ) ውስጥ ጠልቆ ከገባ በኋላ እንኳ፣ በ1920ዎቹ፣ ኪሱ ሲራቆት አበባ እየሣለ ይሸጥ ነበር።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ባሕሩ ጋ ተጠግቼ ቆምኩ። እኔ እስከዛሬ ጂኦሜትሪ ያለበት አብስትራክት ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ማስመሪያ ነበር። እዚህ ግን አንድም በማስመሪያ የተሰመረ መስመር አላገኘሁም። አንዱ መሃሉ ላይ ወፈር ይልና ጫፉ ይሳሳል። ሌላው ዘመም ብሏል። የተጠረገ ከሰል ጥላው ከሥር ቀርቷል። ከሰል የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ በጣት ይደበዝዛል፣ በላጲስ ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አይለቅም። ወረቀቱም ትንሽ አይደለም፤ ወደ 88 በ112 ሴንቲ ሜትር ነው። በጣት ብቻ ሳይሆን በክንድ የተሠራ ነገር ነው።

ስለዚህ የኔ ግምት፦ ጂኦሜትሪው የመጣው ብዙ ከማየትና ብዙ ከማጥፋት ነው። ማስመሪያው በኋላ የመጣ ነገር ነው።

እናንተ ብትሆኑ ለልጁ ምን ትሉታላችሁ?


ሚኪ ቦሌ
ከምሽቱ 2፡31

ልጁ ትክክል ነው። ሽልማት ይሰጠው።

የምሬን ግን፣ እኔ የሚታየኝ ፕላስና ማይነስ ነው። የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ደብተር።


ጥቁር ካሬ
ከምሽቱ 2፡40

ሚኪ፣ ስትቀልድ ቁም ነገር አመለጠህ። እነዚያን ሥራዎች የጥበብ ሰዎችም "ፕላስና ማይነስ" እያሉ ነው የሚጠሯቸው።


ሰናይ ከሄግ
ከምሽቱ 3፡22

እህቴ፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳሽው። እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ ግን ከእነዚህ ሥዕሎች በትራም አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ነው የምኖረው። የሄግ ኩንስትሙዚየም በሞንድሪያን ሥራ ብዛት የሚስተካከለው የለም፤ 300 ገደማ አለው። ያንቺ ሦስቱ ዛፎች የዚያው ናቸው። ባሕሩ ግን ኒውዮርክ፣ ሞማ የሚባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው።

መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ ሸሽቼ ነው፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ግን ስንቴ እንደተመላለስኩ ቁጥሩን ረስቻለሁ።

ግራጫው ዛፍ ላይ በኅትመት የማይታይ ነገር አለ። ቅርንጫፎቹ ጥቁር ናቸው፣ በመሃላቸው ያለው ሰማይ ግራጫ። ሰማዩ ግን ከኋላ አልቆመም። ልክ እንደ ቅርንጫፎቹ በወፍራሙ ተቀብቷል፣ ብሩሹም የቅርንጫፉን ጉብጠት ተከትሎ ሄዷል። ቅርንጫፉና አየሩ እኩል ሆኑ ማለት ነው። የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ ይጠፋሻል። እኔ ዛፉ መሄድ የጀመረው እዚህ ጋ ይመስለኛል። መጀመሪያ የሄደው "ከኋላ" የሚባለው ነገር ነው፤ ዛፉ ተከተለው።

በዚያው በ1911 አምስተርዳም ላይ የፒካሶና የብራክ ሥራ የቀረበበት ኤግዚቢሽን ነበር። ሞንድሪያን አየና ብዙም ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ ፓሪስ ገባ። በሆላንድኛ ስሙ ሁለት "አ" ነበረበት፤ አንዱን እዚያው ጣለው። ስሙን ሳይቀር አሳጠረ።

አሁን ወደ ባሕሩ። በ1914 በጋቸው ላይ አባቱ ታመሙና ሊጠይቅ አገሩ መጣ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። መመለሻ አጣ፤ ፓሪስን እንደገና ያየው በ1919 ነው። ከባሕሩ ጋር የተፋጠጠው ዶምበርግ የሚባል የባሕር ዳር መንደር ላይ ነው።

እዚያ መንደር አምና ቤተሰብ ይዤ ሄጄ ነበር። እስከ ሚድልበርግ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ዳርቻው ላይ የእንጨት ምሰሶዎች በተርታ ተተክለው ወደ ውሃው ይገባሉ፤ ማዕበል የሚሰብሩ ናቸው። ልጄ በመሃላቸው ሲሯሯጥ እኔ የአሸዋው ኮረብታ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ምሰሶዎቹ ከሥሬ ተነስተው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ውሃው አግድም ይመጣል። ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ማዕበሉ ይቆራረጣል፤ ብልጭ ድርግም የሚል አጭር አጭር ነገር ብቻ ይቀራል። ንድፉን እስኪ መልሰሽ እይው። ከታች፣ መሃል ላይ፣ ቁም መስመሮቹ ሰብሰብ ብለው የለ? ምሰሶዎቹ እነሱ ናቸው።

ለልጁ "ባሕር ዳር ወስጄ አሳይሃለሁ" በይው። ላንጋኖም ይበቃል።


የቅዳሜ አስተማሪ
ከምሽቱ 3፡35

ሰናይ፣ ምሰሶዎቹን አሁን አየኋቸው! ሙሉ ቀን ፊቴ ተለጥፈው ሳላያቸው። እግዜር ይስጥልኝ።

ሞንድሪያን ራሱም በስተርጅናው ጽፎታል። ባሕሩን፣ ሰማዩንና ከዋክብቱን እያየ እርስ በርስ በሚያቋርጡ ብዙ ቁምና አግድም መስመሮች ሊገልጻቸው ይሞክር እንደነበር። የንድፉ ስም ላይ "ባሕርና ባለ ከዋክብት ሰማይ" የሚል ቅንፍ አለ። ስለዚህ ከላይ ያሉት መስመሮች ውሃ ሳይሆኑ ሰማይ ሊሆኑ ይችላሉ።


እንግዳ 77
ከምሽቱ 3፡50

ይቅርታ፣ እኔ ገና ነኝ። ዛፉና ባሕሩ ገባኝ። ግን ያ በሰፊው የሚታወቀው፣ ቀይ ሰማያዊ ቢጫ ካሬ በጥቁር መስመር፣ ከየት መጣ? ካሬ የሆነ ዛፍ የለም።


የቅዳሜ አስተማሪ
ከምሽቱ 4፡10

ጥሩ ጥያቄ። አንዱ መንገድ በግድግዳ በኩል ነው።

ፓሪስ ሳለ የሥራ ክፍሉ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር። እዚያ አካባቢ ሕንፃ ይፈርሳል። አንድ ሕንፃ ሲፈርስ የጎረቤቱ ግድግዳ ራቁቱን ይቀራል። የፎቁ ወለል የነበረበት አግድም መስመር ይታያል። የክፍሎቹ ግድግዳ የነበረበት ቁም መስመር ይታያል። በየመሃሉ ደግሞ የእያንዳንዱ ክፍል ወረቀትና ቀለም፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ሮዝ። ሞንድሪያን ያንን በትንሽ ደብተር እየዞረ ነድፎታል። ከዚያ ንድፍ ሥዕል ሠራ።

ፒያሳ ሲፈርስ የነበረ ሰው ይሄ አያስቸግረውም። የሰው መኝታ ቤት አረንጓዴ ግድግዳ ለመንገደኛ ሁሉ ተገልጦ፣ ምስማሩ እንኳ ሳይነቀል። እኔ ያኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። እሱ እርሳስ አወጣ።

ንጹሑ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ እንግዲህ በኋላ፣ በ1917 ሌላው የሆላንድ ሠዓሊ ቴዎ ቫን ዱስበርግ "ደ ስታይል" የሚለውን መጽሔት ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት የተደረሰበት ነው። እሱ ረጅም ታሪክ ነው፣ ቀለምም ስለሆነ ልዝለለው።


ጥቁር ካሬ
ከምሽቱ 4፡25

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሰውዬው ከ1909 ጀምሮ የቴዎሶፊ (የመንፈሳዊ ፍልስፍና) ማኅበር አባል ነበር። አግድሙ ቁሳዊው ዓለም፣ ቁሙ መንፈሳዊው፣ አግድሙ ሴት፣ ቁሙ ወንድ፣ እንዲህ እንዲህ። ምሰሶና ማዕበል ብቻ ብንለው ግማሹን ትተነዋል።


የቅዳሜ አስተማሪ
ከምሽቱ 4፡31

አልረሳሁትም። ግን ለአሥር ዓመት ልጅ ቴዎሶፊ አላስተምርም። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሁሉ ፍልስፍና አንብቤ ንድፉ አልተለወጠብኝም። ምሰሶዎቹን ሳያቸው ግን ተለወጠ።


ቲ ስኩዌር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡05

እንደምን አደራችሁ። ጡረታ የወጣሁ ድራፍትማን ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ፕላን ስሠራ ኖሬአለሁ። ሁሉንም አነበብኩ፤ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም።

ልጄ፣ ማስመሪያን አታዋርጂብኝ። "ማስመሪያው በኋላ የመጣ ነገር ነው" ስትዪ ማስመሪያ የያዘ ሰው የማያይ፣ የማያስብ አስመሰልሽው። ሮድቼንኮ የሚባል ሩሲያዊ ሠዓሊ አለ። በ1915፣ ያንቺ ሞንድሪያን ከሰል ሲያሻሽ፣ እሱ በኮምፓስና በማስመሪያ በቀለም ንድፍ ይሠራ ነበር። በ1916 ሞስኮ ላይ ሠዓሊው ታትሊን ባሰናዳው ኤግዚቢሽን ሰቀላቸው። ሆን ብሎ ነው። የእጁ መንቀጥቀጥ፣ ስሜቱ፣ ችሎታው እንዳይታይ ፈልጎ። ሌላው ሩሲያዊ ሊሲትስኪም አለ፤ ጀርመን ዳርምሽታት ላይ ሥነ ሕንፃ የተማረ። ፕሮውን ያላቸውን ሥራዎች ስታዪ የኛ የሙያ ወንድም መሆኑ በሩቁ ያስታውቃል።

ደግሞ ማስመሪያ ሲባል እጅ የሌለበት አይምሰልሽ። ራፒዶግራፍ (ቀጭን የቀለም ብዕር) ይዘሽ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ስትሠሪ፣ እጅሽ ለአንዲት ሰከንድ ካመነታ ቀለሙ እዚያች ጋ ነጠብጣብ ይሠራል። መስመሩ ሲያልቅ ብዕሩን ቶሎ ካላነሳሽ ጫፉ ያብጣል። ከተሳሳትሽ በምላጭ ነው የምትፍቂው፤ ወረቀቱን ሳትቀጂ፣ በስሱ፣ ትንፋሽ ይዘሽ። የተፋቀው ቦታ ላይ ዳግመኛ ስታሰምሪ ቀለሙ ይስፋፋል። የሥራ ባልደረቦቼን ፕላን ስም ሳላይ ማን እንደሠራው አውቅ ነበር። በማስመሪያ የተሰመረ ሆኖ!


የቅዳሜ አስተማሪ
ከጠዋቱ 2፡20

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልክ ነዎት። ሮድቼንኮን ሥሙን እንጂ የኮምፓስ ንድፎቹን በዚህ ዓይን አይቻቸው አላውቅም ነበር። "ሁሉም ከማየት መጣ" ማለቴ አጉል ጥቅለላ ነው። የሞንድሪያን መንገድ እንደዚያ ነበር ብል ይሻላል።

ምላጩን ግን ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ፈቅደውልኝ ከሆነ።


ቲ ስኩዌር
ከጠዋቱ 2፡26

ንገሪያቸው። ምላጩን ብቻ አትስጫቸው።


ጥቁር ካሬ
ከጠዋቱ 4፡00

የስሜን ዕዳ ልክፈል።

የሩሲያውን ሠዓሊ የማሌቪችን "ጥቁር ካሬ" አብዛኛው ሰው የጂኦሜትሪ ጥግ አድርጎ ነው የሚያስበው። ግን ማስመሪያ ይዛችሁ ብትጠጉ፣ ጎኖቹ ከሸራው ጠርዝ ጋር ትይዩ አይደሉም። ካሬ የሚመስል እንጂ በሒሳብ ካሬ አይደለም። ሸራው በየጎኑ 79.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጥቁሩ ግን በእጅ የተሞላ ነው።

በ2015 ሞስኮ ያለው ትሬትያኮቭ ጋለሪ በኤክስሬይ ሲመረምረው ከሥሩ ሌሎች ሁለት ሥዕሎች አገኘ። ጥቁሩ ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ ሌላ ቀለም ብቅ የሚለው ለዚያ ነው። ሰውዬው ባዶ ሸራ ላይ ካሬ አልሠራም። ሠርቶ ሠርቶ ሸፈነው። አስተማሪ "ብዙ ማጥፋት" ያለችው እዚህም ይሠራል።

የሐሳቡ ዘር ደግሞ ወረቀት ላይ ነው ያለው። በ1913 "ድል በፀሐይ ላይ" ለሚባል ኦፔራ መድረክና አልባሳት ሲነድፍ፣ ለአንዱ ትዕይንት ካሬ ሠራ፤ በሰያፍ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ። ትንሽ የእርሳስ ንድፍ ናት። የመድረክ መጋረጃ እንጂ የጥበብ አብዮት አትመስልም።

በታኅሣሥ 1915 ፔትሮግራድ ላይ ካሬውን ሲያሳይ የሰቀለው የክፍሉ ማዕዘን ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነው። ሩሲያውያን ቤታቸው ውስጥ ሥዕለ አድኅኖ የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው። ይሄን ለዚህ ቤት ሰው ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እናቶቻችን ሥዕለ ማርያምን የት እንደሚሰቅሉ፣ መጋረጃ እንደሚያደርጉላት እናውቃለን። አንድ ሰው እዚያ ቦታ ጥቁር ካሬ ሰቅሎ እንግዳ ሲጠራ አስቡት።


ሚኪ ቦሌ
ከጠዋቱ 4፡12

እናቴ ብትሆን ካሬውንም ሰውዬውንም በአንድ ላይ ነው የምታስወጣው 😂

ግን ስለ ሞንድሪያን አንድ ዜና አንብቤ ነበር። ተገልብጦ ተሰቅሎ ማንም አላወቀም የተባለው። እውነት ነው እንዴ?


ሰናይ ከሄግ
ከጠዋቱ 5፡40

እውነት ነው። ጀርመን ዱሰልዶርፍ፣ ሙዚየም ውስጥ ያለው "ኒውዮርክ ሲቲ 1" የሚባለው ነው። በመጨረሻ ዕድሜው፣ ኒውዮርክ ሳለ፣ ባለ ቀለም ቴፕ ሸራ ላይ እየለጠፈ ነበር የሚነድፈው። ቴፑን ያነሳዋል፣ ያዛውረዋል፣ መልሶ ይለጥፈዋል። ሥራው ሳያልቅ፣ ሳይፈርምበት ሞተ። በ2022 ሙዚየሙ በሥራ ክፍሉ ውስጥ በ1944 የተነሳ ፎቶ ሲያይ ሥዕሉ በተገላቢጦሽ ቆሟል። መስመሮቹ የሚጠጋጉት ከታች ሳይሆን ከላይ ነበር። ከ75 ዓመት በላይ በግልባጩ ታይቷል ማለት ነው።


ሚኪ ቦሌ
ከጠዋቱ 5፡44

ጉድ! ታዲያ አላስተካከሉትም?


ሰናይ ከሄግ
ከጠዋቱ 5፡51

አላስተካከሉትም። ቴፑ አርጅቷል። አሁን ቢገለብጡት ክብደቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይስበውና ይለቃል ብለው ሰጉ። እንዳለ ተወት አደረጉት።


ድርና ማግ
ከቀኑ 8፡30

ሰላም፣ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ሽሮሜዳ ነው ያደግኩት። ቀኑን ሙሉ ስለ ቁምና አግድም ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ስለ ወንዶች ብቻ መጻፋችሁን ልብ ብላችኋል?

ሶፊ ቶይበር ትባላለች፤ በኋላ የጥበብ ሰው የሆነውን ዣን አርፕን አግብታ ቶይበር-አርፕ የሆነችው። ስዊስ ናት። ከ1916 እስከ 1929 ዙሪክ በሚገኝ የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ጨርቃ ጨርቅ ታስተምር ነበር። በ1915 እና በ1916 ገደማ አግድምና ቁም በተደረደሩ አራት ማዕዘኖች ብቻ የተሠሩ ንድፎች አሏት። ቀደም ሲል የነበረው የስዊስ 50 ፍራንክ ብር ላይ ያለችው ሴት እሷ ናት። ዙሪክ ያላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችኋት ዞራችኋል።

እሷ ወደ አግድምና ቁም የመጣችው በዛፍ በኩል አይመስለኝም። በባሕርም አይመስለኝም። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ንድፍ ሲነድፍ ገና ከመጀመሪያው ሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው። ድር አለ፣ ማግ አለ። ሌላ የለም።

አባቴ ጥለት ሲሠራ ማየት ነበረባችሁ። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ዓይኑ ክሩ ላይ። ጥለቱን አይሥለውም፤ ይቆጥረዋል። ይሄን ያህል ክር ያነሳል፣ ማጉን ያሳልፋል፣ እንደገና ይቆጥራል። ሰያፍ መስመር ሲፈልግ አንድ ክር ወደ ጎን ፈቀቅ፣ አንድ ረድፍ ወደ ላይ፣ እንደገና ፈቀቅ። ከሩቅ ሲታይ ሰያፍ ነው፤ ጠጋ ስትሉ ደረጃ ነው። እና ሞንድሪያንና ቫን ዱስበርግ በ1920ዎቹ አጋማሽ የተቃቃሩት በሰያፍ መስመር ነው ሲባል ስሰማ ሁሌም ያስቀኛል። አባቴ ቢሰማ "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ክሩን ቁጠሩት" ይላቸው ነበር።


እንግዳ 77
ከቀኑ 8፡48

ይሄው! እንግዲህ እኛ ቀድመናቸዋል ማለት ነው። ጥበባችን፣ መስቀላችን፣ ሐረጋችን፣ ሁሉም ጂኦሜትሪ ነው። እነሱ በ1915 ነው የደረሱበት።


ድርና ማግ
ከቀኑ 9፡02

ወንድሜ፣ እንደዚያ አላልኩም። አባቴ ቀሚስ ነበር የሚሠራው። ቀሚሱ ይለበሳል፣ ጥለቱ ጠርዙን ያሳምራል፣ አለቀ። ቶይበር ደግሞ ያንኑ የክር ሕግ ይዛ "ይሄ ራሱ ለብቻው ሥዕል ሊሆን ይችላል" አለች። ሁለቱም ሥራ ነው፣ ግን አንድ ሥራ አይደለም። የቀደመና የተቀደመ የለበትም።

እኛ አገር ያንን ሁለተኛውን ነገር ማየት ከፈለግክ ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ግባ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ የተማረ፣ የአውሮፓን አብስትራክት እዚያው የቀመሰ ሰው ነው። እውነተኛው ድልድይ እሱን በመሰሉ ሰዎች በኩል ያለፈው ነው።


ጥቁር ካሬ
ከቀኑ 10፡15

አስተማሪ፣ ወደ ልጁ እንመለስ። በቃል ከምትመልሽለት አሠሪው።

ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ ከ1922 ጀምሮ ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር "ትንተናዊ ንድፍ" የሚባል ትምህርት ነበረው። ተማሪዎቹ ዕቃ ይደረድራሉ። መሰላል፣ ጣውላ፣ ጨርቅ፣ ቅርጫት፣ ያገኙትን። መጀመሪያ ሙሉውን ድርድር አንድ ትልቅ ቅርጽ ውስጥ ይከቱታል፤ ሦስት ማዕዘን ነው ወይስ ሌላ? ቀጥሎ ዕቃዎቹ የሚጓተቱበትን፣ የሚደገፉበትን፣ የሚዘሙበትን መስመር ይፈልጋሉ። ዋናውን ጉልበት በወፍራም፣ የተደበቀውን በነጠብጣብ። በመጨረሻ ዕቃዎቹ ይጠፉና ጉልበቱ ብቻ ይቀራል።

ለልጆችሽ መሰላል አያስፈልግሽም። ቤት ያለው ይበቃል።


የቅዳሜ አስተማሪ
ከቀኑ 10፡20

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። መጥቼ እነግራችኋለሁ።


የቅዳሜ አስተማሪ
ቅዳሜ (ከሳምንት በኋላ)፣ ከምሽቱ 1፡50

ቃሌን ጠብቄ መጣሁ።

ረከቦት፣ ጀበና፣ አራት ሲኒ፣ ማጨሻ፣ አንድ በርጩማና በርጩማው ላይ የተጣለ ነጠላ። ዘጠኙንም ዙሪያውን አስቀመጥኳቸው። ለሁሉም ከሰል። እጃቸው፣ ፊታቸው፣ የቤቴ ግድግዳ፣ ሁሉም ጠቁሯል። ለመጥረጊያ የዳቦ ፍርፋሪ ሰጠኋቸው፣ የድሮ ሠዓሊዎች እንደሚያደርጉት። ግማሹን በሉት።

የመጀመሪያውን ደረጃ በቀላሉ አለፉት። ስድስቱ ሦስት ማዕዘን አሉ። ሁለቱ ክብ። አንዷ "ቤት ነው" አለች፤ ተውኳት።

ሁለተኛው አታገላቸው። ጀበናውን ያለ ጀበና ለመሣል ሲሞክሩ እጃቸው ወደ ለመደው ይሄዳል፤ ሆዱን፣ ጆሮውን፣ የአፉን ጠርዝ። እኔም አብሬ ሞከርኩ። የአንገቱን ዘመም ማለት ካገኘሁ በኋላ ሆዱን ለመተው አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ሠዓሊ ነኝ ባይዋ!

ለሦስተኛው ነጠላውን አነሳሁና ዕቃዎቹን ሁሉ ሸፈንኩባቸው። ካለፈው ንድፋቸው ብቻ እንዲሠሩ። እዚህ ጋ ትልቁ ልጅ ተናዶ ወረቀቱን ገለበጠው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ይናደዳል። ትንሹ፣ ያ ጠያቂው፣ ምላሱን አውጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲያሻሽ ቆየ። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የቀሩት አሥራ አንድ መስመሮች ነበሩ። ቆጠርኳቸው። ዘጠኙ አጫጭር አግድም ናቸው፤ የሲኒዎቹ አፍና ሥር ነው አለኝ፣ አንዱ ደግሞ የረከቦቱ ጫፍ። አንዱ ቁም፣ የበርጩማው እግር። አንዱ ብቻ ዘመም ያለ።

"ጀበናው የቱ ጋ ነው?" አልኩት።

ዘመም ያለውን በጥቁር ጣቱ ነካው። "አንገቱ። ሌላውን ጠረግኩት፤ ግን ቲቸር፣ ከሰሉ አለቅ ብሎኛል" አለ። እውነትም የጀበናው ሆድ ከሥር በግራጫው ይታያል፣ እንደ ጭስ።

ያለፈው ሳምንት ጥያቄውን አላነሳም። እኔም አላስታወስኩትም። ወረቀቱን ይዞ የጠየቀኝ ሌላ ነው፦ "የቱ ነው ላይ?"


ሚኪ ቦሌ
ከምሽቱ 1፡58

ገልብጠሽ ስቀይው። 75 ዓመት ማንም አያውቅም።


ቲ ስኩዌር
ከምሽቱ 2፡10

የዘመመችዋን መስመር በአንድ ትንፋሽ ነው ያወጣት ወይስ ቆም ብሎ?


የቅዳሜ አስተማሪ
ከምሽቱ 2፡14

ቆም ብሎ፣ ጋሼ። መሃሏ ላይ ወፍራለች።


ቲ ስኩዌር
ከምሽቱ 2፡16

ፎቶዋን ላኪልኝ።